የዝንቧ ስብና የኦቫሪዋ ስቴም ሴሎች፦ ሙከራ የሚያበላሹ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር «የፍራፍሬ ዝንብ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ማንጎ ውስጥ እንቁላል ጥሎ የሚያበላሸው ተባይ ነው። ያ ሌላ ወገን ነው። የዝንቧ ስብ በኦቫሪዋ (በእንቁላል ማምረቻዋ) ስቴም ሴሎች፣ ማለትም እየተከፋፈሉ እንቁላል የሚሆኑትን በሚያስገኙ ህዋሶች ላይ ምን እንደሚያደርግ የምንፈትሽባት የኛዋ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር፣ የጠላ ጋን ሲከፈት የምትሰበሰበዋ ቀይ ዓይኗ ትንሽ ዝንብ ናት። ከጋን አፍ አጥምዶ መጀመር ግን አያዋጣም፤ ተመሳሳይ ዝርያዎች ተቀላቅለው ይገባሉ። ዘሯ የታወቀ የላቦራቶሪ ዝንብ ያዙ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ስቡን እንደ ጎተራ ማየት ነው። የዝንብ ስብ የጉበትንም ሥራ ደርቦ ይሠራል፦ ያከማቻል፣ የአስኳል ፕሮቲን ያመርታል፣ የገባውን ምግብ ለክቶም ለኦቫሪው ምልክት ይልካል። ስለዚህ «ዝንቧ ወፈረች ወይስ ከሳች» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። የስብ ህዋሱ ምን አወቀ፣ ምንስ ላከ ነው ጥያቄው።

እንቁላል ቆጥሮ በስቴም ሴል ላይ መፍረድም የተለመደ ነው። ፕሮቲን ሲጎድል ምርቱ ወደ 60 እጥፍ እንደሚወርድ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህ ግን የብዙ ነገር ድምር ነው፦ ስቴም ሴሎቹ መከፋፈል ያዘገማሉ፣ አስኳል ሊይዙ የደረሱ እንቁላሎች ይሞታሉ፣ የበሰለውም ሳይወጣ ይቀራል። በስብ ህዋስ ውስጥ አሚኖ አሲድ ሲያጥር ስቴም ሴል የሚቀንሰው ጂሲኤን2 በሚባለው፣ የአሚኖ አሲድ እጥረትን በሚያውቅ የህዋስ ምልክት መንገድ ነው፤ እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርገው ግን ቶር የሚባለው ሌላው ምግብ ለኪ መንገድ ሲዳከም ነው። ሁለቱን የሚለየው ኦቫሪውን ቀዶ ማየት ብቻ ነው። አንዱ ኦቫሪ 16 ያህል ቱቦ አለው፤ በእያንዳንዱ ጫፍ 2 ወይም 3 ስቴም ሴል ይቀመጣል። የዲኤንኤ ቀለም ብቻውን አይለያቸውም፤ ከጫፉ ህዋሶች ጋር የተጠጋውን ፊውዞም (በስቴም ሴሉ ውስጥ ያለ መለያ አካል) ማቅለም ያስፈልጋል።

ምግቡ ላይ «እርሾ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። የእንጀራ እርሾ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ፕሮቲኑ አይበቃም። ደረቁን የዳቦ እርሾ በጥቂት ውሃ እንደ ወፍራም ሽሮ አቡክታችሁ በየቀኑ ቀይሩ። ወንዶችም አብረው ይኑሩ፤ መጋባት ራሱ የስቴም ሴሉን ቁጥር ስለሚጨምር አንዱን ብልቃጥ ከወንድ ጋር፣ ሌላውን ያለ ወንድ ማቆየት ውጤቱን ያዛባል።

ዕድሜም አለ። ገና የተፈለፈለች ዝንብ የእጭነቷን የስብ ህዋሶች ለጥቂት ቀናት ይዛ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ የተለካው የአዋቂ ስብ አይደለም።

የደብረ ማርቆስን ብርድ አትናቁ። በ25 ዲግሪ 10 ቀን የሚፈጀው ዕድገት በ18 ዲግሪ እጥፍ ገደማ ይወስዳል፤ ክፍሉን አምኖ ኢንኩቤተር መተው አይቻልም። ጂኑን በስብ ውስጥ ብቻ ለማጥፋት ጋል80ቲኤስ (በቅዝቃዜ የጂን ማጥፊያውን አግዶ የሚያቆይ፣ በሙቀት የሚለቅ ፕሮቲን) የምትጠቀሙ ከሆነ በ18 ዲግሪ አሳድጉ፣ አዋቂ ሲሆኑ ወደ 29 አዛውሩ። ማነጻጸሪያዎቹም እኩል ካልተዛወሩ ሙቀት ያመጣውን ለውጥ የጂኑ ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።