የአፈር ብሎኬት ስታመርቱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

በማሽን ተጨምቆ በትንሽ ሲሚንቶ የሚጠነክረው የአፈር ብሎኬት እንደ ሸክላ ጡብ እሳት አይፈልግም። አፈሩ እዚያው ግቢ ከተገኘ የመኪና ወጪም ይቀራል። ግን «አፈር አይደል፣ ምን ያስቸግራል» ተብሎ ስለሚጀመር ብዙው ይበላሻል።

ትልቁ ጥፋት ብሎኬቱን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ጭቃ ቤት መሥራት የለመደ ሰው መድረቅንና መጠንከርን ያምታታል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር እየተዋሃደ ነው፤ ውሃው ቶሎ ከተነነ ሥራውን ሳይጨርስ ይቆማል። እንዲህ ያለው ብሎኬት በማግስቱ ነጣ ብሎ ደህና ይመስላል፤ ጠርዙን በጥፍር ስትፍቁት ይረግፋል። በኋላ ውሃ ማርከፍከፍ የጠፋውን ጥንካሬ አይመልስም። ከማሽኑ እንደወጣ ጥላ ውስጥ ደርድሩት፣ ወዲያው በላስቲክ ሸፍኑት፣ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት እንዳይለየው አድርጉ። ግንብ ላይ የሚወጣው 28 ቀን ሲሞላው ነው። በየክምሩ ላይ ቀኑን ጻፉበት፤ አለዚያ ግንበኛው የሦስት ቀኑን ከወሩ ጋር ቀላቅሎ ያነሳዋል፣ ያም ግድግዳ ክረምት ሲገባ ከታችኛው መደዳ ጀምሮ ይቦረቦራል።

አፈሩን ሳትፈትኑ አትጀምሩ። ሥራሥር ያለበትን የላይኛውን 30 ሳ.ሜ. ያህል ጥላችሁ ከሥሩ ቆፍሩ። ጥቁር መረሬን እርሱት፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለሌላው አፈር 60 ሳ.ሜ. የምትረዝም፣ ስፋትና ጥልቀቷ 4 ሳ.ሜ. የሆነች የእንጨት ሳጥን ውስጧን ዘይት ቀብታችሁ እርጥብ አፈር ጠቅጥቁባት፤ 3 ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁ (ፀሐይ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው)። አፈሩን ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ ክፍተቱን ለኩ። ከ12 ሚ.ሜ. በታች ከሆነ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ18 እጅ አፈር፤ ከ40 እስከ 50 ከሆነ 1 ለ12፤ በመሃሉ ከሆነ መጠኑም በሁለቱ መሃል ይሁን። ከ50 ካለፈ አሸዋ ጨምሩና እንደገና ሞክሩ። «ለማንኛውም» እያላችሁ ሲሚንቶ የምታበዙ ከሆነ ግን ተራውን የሲሚንቶ ብሎኬት ብትገዙ ይሻላል።

ውሃውን በዓይን አትገምቱ። ከተደባለቀው አፈር አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ከ1 ሜትር ከፍታ ደረቅ መሬት ላይ ልቀቁት፤ 4 ወይም 5 ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው፣ ከተለጠፈ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል።

ከምሳ በፊት የተደባለቀ ከምሳ በኋላ አይጨመቅም፤ ከ45 ደቂቃ በፊት ይለቅ።

የድንጋዩ መሠረት ከመሬት ቢያንስ 30 ሳ.ሜ. ይነሳ፣ የጣሪያው ክፈፍም 60 ሳ.ሜ. ይውጣ።