የጠመንጃን ቀለም በቤት ውስጥ እንዴት ማደስ ይቻላል

አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ጠመንጃ የያዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የለቀቀ ወይም የዛገ ብረት ለማደስ ከሚመርጧቸው ቀለሞች አንዱ ሴራኮት ነው፤ የሚመረተው በኦሪገን ግዛት ነው። እዚህ የቀረበው አሠራር ኤች ሲሪዝ ለተባለው፣ በምድጃ ለሚጠነክረው የሴራኮት ዓይነት ነው። በደንብ ከያዘ ዝገትንና ጭረትን ለዓመታት ይቋቋማል፤ ካልያዘ ከጠርዙ ጀምሮ ይላላጣል። የሚላላጠውም አብዛኛውን ጊዜ በአነፋፈስ ጉድለት ሳይሆን በጽዳት ጉድለት ነው።

ካዝናውን ያውጡ፤ ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይት ከሥራ ቦታው ይራቅ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ በየደረጃው ፎቶ ማንሳት በኋላ ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ ያተርፋል። የእንጨት ሰደፍ፣ መነጽርና የፕላስቲክ ማነጣጠሪያ ምድጃ ውስጥ አይገቡም። ሞላዎች፣ መምቻው መርፌ እና ምላጩ ውስጥ የሚፋተጉት ክፍሎች ፈጽሞ አይቀቡ። እዚያ ላይ ስስ ቀለም እንኳ አሠራሩን ያዛባል፤ ጠመንጃው ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችላል።

የሚቀቡትን ብረቶች ዘይት በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ አሴቶን ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉ። ይህን ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቀው፣ ጓንት አድርገው ይሥሩ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይመጣል፦ ብረቱን በ300 ዲግሪ ፋራናይት (149 ሴልሺየስ) ለ1 ሰዓት ማሞቅ። በብሎን ጥርስና በመገጣጠሚያ ስንጥቅ የተደበቀ ዘይት ሲሞቅ ይወጣል። ዘይት ከታየ እንደገና አጥበው እንደገና ያሙቁ። ይህ ዘይት ከቀረ ቀለሙ በነፉበት ቅጽበት ከቦታው ይሸሽና ክብ ክብ ቀዳዳ ይተዋል፤ ደጋግሞ በመንፋት አይሸፈንም።

አፈሙዙን፣ ማጉረሻውንና የብሎን ጥርሶችን ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ቡሽ ይድፈኑ። ከዚያ በቁጥር 100 አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ከ80 እስከ 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ግፊት፣ ሳንድብላስት ያድርጉ፤ ማለትም ሻካራውን ብናኝ በአየር ኃይል ገጹ ላይ ይርጩ። የመስታወት ዶቃ አይጠቀሙ፤ ገጹን ይደበድበዋል እንጂ ቀለም የሚይዝበት ሻካራነት አይሰጠውም። የብርጭቆ ወረቀትም ይህን አይተካም። መለያ ቁጥሩ ላይ እጅዎን ያቅልሉ፤ ቁጥሩን ማጥፋት ወይም መለወጥ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፣ ከቀለም በኋላም በግልጽ መነበብ አለበት። አቧራውን በደረቅ አየር ያራግፉ። ከዚህ ወዲያ በባዶ እጅ አይንኩት፤ የተራቆተ ብረት ቶሎ ስለሚዝግ በዚያው ቀን ይቀባ።

የቀለሙን ጠርሙስ ከሥር የረጋው እስኪሟሟ አጥብቀው ይናጡ። 18 እጅ ቀለም ለ1 እጅ ማጠንከሪያ ይለኩ፤ ለአንድ ጠመንጃ 90 ሚሊ ሊትር ከ5 ሚሊ ሊትር ጋር ጥሩ መነሻ ነው። ማጠንከሪያው ሲበዛ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሲያንስ ይደበዝዛል። አጥልለው ወደ መርጫው ይጨምሩ።

የመርጫው አፍ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ ይሁን። ለኬሚካል ትነት የሚሆን ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ያድርጉ፤ የአቧራ ማስክ አይበቃም። ክፍሎቹን በሽቦ ሰቅለው መጀመሪያ ጥጋጥጉንና ጠርዙን፣ ቀጥሎ ሰፊውን ገጽ ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ይንፉ። ገጹ እርጥብ መስሎ መታየት አለበት። ከሩቅ ከተነፋ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። የሚፈለገው ውፍረት 25 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው፤ ሲበዛ ክፍሎቹ አልገጥም ይላሉ። ቀለሙ ከወረደብዎት ሳይጋገር በአሴቶን አጥበው ይድገሙት፤ ከጋገሩት በኋላ መፍትሔው እንደገና ሳንድብላስት ነው።

ለ15 ደቂቃ ካናፈሱት በኋላ በ250 ዲግሪ ፋራናይት (121 ሴልሺየስ) ለ2 ሰዓት ይጋግሩት፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ምድጃው ሙቀቱ ላይ ከደረሰ ጀምሮ ነው። ምግብ የሚበስልበት ምድጃ አይሁን፣ ነበልባል ያለው የጋዝ ምድጃም አይሁን፤ ትነቱ እሳት ይይዛል።

ሲቀዘቅዝ የማይታይ ቦታ ላይ አሴቶን በነካ ጨርቅ ይሹት። ቀለም ከለቀቀ አልበሰለም ወይም ማጠንከሪያው አንሷል። ከገጠሙት በኋላ በማይተኩስ የልምምድ ጥይት ምላጩን፣ ደህንነት መቆለፊያውንና የጥይት አጎራረሱን ደጋግመው ይፈትሹ። ተንሸራታች ክፍሎች መጀመሪያ ጥቂት ሊጠብቁ ይችላሉ፤ ዘይት ቀብተው በእጅ ደጋግመው ሲስቧቸው ይለሰልሳሉ። ምላጩ ወይም መቆለፊያው ላይ ለውጥ ከተሰማዎት ግን ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ጠጋኝ ሳያየው ጥይት እንዳያጎርሱ።