ፎርማት ከማድረግዎ በፊት፦ የቆየ የቤት ኮምፒውተር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ከሁሉም አፍ የሚወጣው ምክር አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ፤ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ፎርማት የሚያድነው ግን የተበላሸ ሶፍትዌርን ብቻ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ባገለገለ ማሽን ላይ ችግሩ በአብዛኛው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ያለቀ ባትሪ፣ የደረቀ ተርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት)፣ አቧራ፣ የላላ ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ወይም በመሞት ላይ ያለ ሃርድ ዲስክ። እነዚህን ፎርማት አይነካቸውም። ይባስ ብሎ ዲስኩ የታመመ ከሆነ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ባለ መስቀል ካቻቪቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የእርሳስ ላጲስ፣ ቴስተር፣ ተርማል ፔስት፣ እንዲሁም 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ በዚህ ይወጣል። ቀጥሎ ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ። በሰውነትዎ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ብረቱ ላይ ይለቅ እንጂ ራሙ ላይ አይለቅ።

ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል

ምልክቱ፦ ባበሩት ቁጥር ቀኑ የብዙ ዓመት በፊት ሆኖ ይመጣል፣ ኤፍ1 ይጫኑ የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ ብሮውዘሩ ደግሞ የሚያውቋቸውን ገጾች ሳይቀር አስተማማኝ አይደሉም ብሎ አልከፍትም ይላል። ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። ምክንያቱ የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደህንነት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ ብሮውዘሩ ሰርተፍኬቱን አይቀበልም።

ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032 የሚባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ነው። በቴስተር ለክተው ከ2.8 ቮልት በታች ካሳየ ይቀይሩት፤ የመደመር ምልክት ያለበት ፊት ወደ ላይ ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው በላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሽ ሽቦ የተሰካ ስለሆነ ከነሽቦው ያለውን ይግዙ።

አንድ ነገር ግን ሳይዘነጋ፦ ባትሪው ሲወጣ የባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳሉ። ከማውጣትዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብተው የሳታ ሞድ (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ኤኤችሲአይ፣ አይዲኢ ወይም ሬይድ መሆኑን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን እያሳየ አልነሳም ካለ በአብዛኛው የተለወጠው ይኸው ሞድ ነው። ወደነበረበት መመለስ ይበቃል።

በጣም ይንቀራፈፋል

መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ምን እንደተጨናነቀ ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 20 በመቶ ላይ ተቀምጦ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቸነከረ መንስኤው ዲስኩ ነው። የቆየ ኮምፒውተር ዝግተኛ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መውሰድ ይከፍላል።

የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫኑና ዝርዝሩ ውስጥ አራት መስመሮችን ይፈልጉ። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትናንሽ የማከማቻ ክፍሎች) ይቆጥራል። ሲ5 አልነበብ ብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሲ6 ደግሞ ጨርሶ ሊታረሙ ያልቻሉትን ያሳያል። ሦስቱም በጤነኛ ዲስክ ላይ ዜሮ ናቸው። ምርጫው ካልተነካ ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ዓምድ በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት በሚቆጠር ቁጥር) ስለሚጽፍ 10 ሆኖ የሚታየው 16 ማለት ነው፤ ከምርጫዎቹ ውስጥ ወደ አስርዮሽ ሊቀይሩት ይችላሉ። 05 ላይ ያለ ጥቂት ቁጥር ለወራት ካልጨመረ ብዙ አያስደነግጥም። በየሳምንቱ የሚያድግ ከሆነ ወይም ሲ5 ላይ ቁጥር ከታየ ግን ዲስኩን ማመን አይቻልም።

አራተኛው ሲ7 ነው፤ በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ ዳታን ይቆጥራል። እሱ ብቻውን እየጨመረ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ዲስኩን አይጣሉት፤ የሳታ ገመዱን ይቀይሩ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ማየት ያለብዎት መጨመሩን ማቆሙን ነው።

ሲ5 ወይም ሲ6 ላይ ቁጥር ካለ ሁሉን ትተው ፋይል ያውጡ። መጀመሪያ የማይተኩትን፣ ሰነዶችንና ፎቶዎችን፤ ፊልምና ሙዚቃ ይደርሳሉ። ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) አያድርጉ፣ ሙሉ የዲስክ ፍተሻም አያስጀምሩ። ፍተሻው እያንዳንዷን ሴክተር ስለሚያነብና አልነበብ ያሉትን እየደጋገመ ስለሚሞክር የደከመውን ዲስክ ሊጨርሰው ይችላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ ደግሞ ወዲያው ያጥፉት። ውስጡ ያለው ፋይል በገንዘብ የሚተመን ካልሆነ እንደገና ሳያበሩ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡት።

መፍትሄው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ፈጣን ዲስክ ነው። ለዊንዶውስና ለተለመዱ ፕሮግራሞች 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል። የቆየ ማዘርቦርድ በሴኮንድ 3 ጊጋቢት ብቻ በሚያስተላልፈው ሳታ 2 ስለሚሠራ ጥቅም የለውም የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። ሃርድ ዲስክ አንዲትን ትንሽ ፋይል ለማግኘት ክንዱን አንቀሳቅሶ፣ ሳህኑ እስኪዞር ጠብቆ ከ10 ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ይህንን ከአንድ ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነበው ደግሞ እልፍ አእላፍ ትናንሽ ፋይሎችን ነው።

የድሮው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ክሎን ማድረግ (ሙሉውን እንዳለ ወደ አዲሱ መቅዳት) ይቻላል። ሲ5 የታየበት ከሆነ ግን የተበላሹ ፋይሎችን አብሮ ስለሚያሻግር ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ኤስኤስዲውን አይሙሉት፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ባዶ ይተውለት።

የተጨናነቀው ሜሞሪ ከሆነ 4 ጊጋባይቱን ወደ 8 ያሳድጉ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ጎድጓዳ ቦታቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጉልበት አይሞክሩ። አንዳንድ ላፕቶፕ 1.35 ቮልት የሚጠቀመውን ዲዲአር3ኤል ብቻ ይቀበላል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ ማስገባት አይጠቅምም።

በሥራ ላይ እያለ ድንገት ይጠፋል

ሙቀት ነው ወይስ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚሰጠው ሳጥን)? መለየት አይከብድም። ቪዲዮ ወይም ጌም ከተከፈተ ከደቂቃዎች በኋላ ፋኑ እየጮኸ ቆይቶ ከጠፋ፣ ሲቀዘቅዝም ከተነሳ፣ ሙቀት ነው። ፋኑ ሳይጮህ ሥራ ሲበዛበት በቅጽበት ከጠፋ ወይም በራሱ ጠፍቶ እንደገና ከተነሳ ፓወር ሳፕላዩን ይጠርጥሩ። ኤችደብሊውሞኒተር የሚባለው ፕሮግራም የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያሳያል፦ ያለ ሥራ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ፣ በሥራ ላይ እስከ 80 ቢደርስ ችግር የለውም። ከ90 ካለፈ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል።

አቧራውን በተጨመቀ አየር ሲያስወጡ የፋኑን ክንፍ በጣትዎ ይያዙት፤ አየሩ ከልክ በላይ ካሽከረከረው መሽከርከሪያው ይጎዳል። የቤት ቫኪዩም ስታቲክ ስለሚፈጥር አይመከርም። በፋኑና በሂትሲንኩ (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት በሚያስወጣው የብረት ማቀዝቀዣ) መካከል ምንጣፍ የመሰለ የአቧራ ንጣፍ ስለሚኖር ፋኑን ካላነሱት አይታይም።

ፔስቱን ለመቀየር ካሰቡ ኮምፒውተሩን አምስት አስር ደቂቃ አሠርተው ፔስቱ ሲለሰልስ ያጥፉና ይንቀሉ። ሂትሲንኩን ቀጥ አድርገው አይጎትቱ፤ ወደ ግራና ቀኝ በትንሹ እያዞሩ ያላቁት። በተለይ እስከ ኤኤም4 ባሉት የኤኤምዲ ሶኬቶች (የፕሮሰሰር መሰኪያዎች) ላይ ፕሮሰሰሩ ከሂትሲንኩ ጋር ተጣብቆ ከነእግሮቹ ሊወጣና ሊጎብጥ ይችላል። አሮጌውን በአልኮል ጠርገው፣ የአተር ፍሬ የምታህል ፔስት መሃል ላይ አድርገው፣ ብሎኖቹን በማዕዘን እያፈራረቁ ያጥብቁ። የኢንቴል ኦሪጅናል ፋን ባለ አራት የፕላስቲክ እግር ነው፤ አንዱ እግር ሳይገባ የገባ መምሰል ልማዱ ስለሆነ ከተቻለ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያረጋግጡ።

ፓወር ሳፕላዩን ለመፈተሽ ሞሌክስ በሚባለው ባለ አራት ሽቦ መሰኪያ ላይ ኮምፒውተሩ እየሠራ ይለኩ፤ የቴስተሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። በቢጫና ጥቁር መካከል ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ በቀይና ጥቁር መካከል ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ይቀየራል እንጂ አይከፈትም። ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) አደገኛ ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትንም ካፓሲተሮች በዓይን ይዩ፦ ጫፉ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ፣ እሱን ነቅሎ በብየዳ የሚተካ ባለሙያ ከሌለ የቦርዱ ዕድሜ እዚያ ላይ ያበቃል።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

የሞኒተሩ ገመድ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ካርድ ካለ ካርዱ ላይ መሰካት አለበት። ቀጥሎ ራም ነው። ሁሉንም አውጥተው የወርቅማ እግሮቹን በላጲስ በቀስታ ይሹ፣ ብናኙን በብሩሽ ይጥረጉ፤ ከዚያ አንዱን ብቻ ሁለቱም መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ ድረስ ተጭነው ያስገቡ። በአንድ ቦታ ካልሠራ ወደ ሌላው፣ በአንድ ራም ካልሆነ በሌላው ይሞክሩ። የትኛው እንደተበላሸ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ሲበራ ረጅም ድምፅ እየደጋገመ ከጮኸ ብዙውን ጊዜ ራም ነው።

ከተነሳ በኋላም በየቦታው ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አስነስተው ሌሊቱን ያሳድሩት። አንዲት ስህተት እንኳ ካሳየ ራሙን ይቀይሩ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ስህተት የሚባል ነገር የለም።

የላፕቶፕ ባትሪ ሲያብጥ

ታችፓዱ አልጫን ካለ ወይም የታችኛው ክዳን ከጠረጴዛው ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ፣ አይውጉት፣ አይጫኑት። አውጥተው በቻርጀር ብቻ መጠቀም በብዙ ሞዴሎች ይቻላል።

ሃርድዌሩ ጤነኛ ሆኖ ሲስተሙ ካረጀ

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶቹ በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ማሽኑ ከዚያ በታች ከሆነ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሲስተም ከፍላሽ አስነስተው ሳይጭኑት ይሞክሩ፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ያዩታል። 4 ጊጋባይት ራም ካለ በደንብ ይሄዳል። ፎርማት ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ፋይሉ ሌላ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ።

ገንዘብ ሲያወጡ ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተር የሚሻገረውን ያስቀድሙ። ኤስኤስዲና ጥሩ ፓወር ሳፕላይ ይሻገራሉ። ዲዲአር3 ራም አይሻገርም፤ ስለዚህ ያገለገለ በርካሽ ከተገኘ እንጂ በአዲስ ዋጋ አይግዙት። ለድሮ ሶኬት የሚሆን ፈጣን ፕሮሰሰር መፈለግ ደግሞ ድካሙን አያክልም።