አቅምና ውሎን ለይቶ መመዝገብ፦ አይሲኤፍ ለጭንቅላት ጉዳት

ደብረ ብርሃን ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስጀምር የተሳሳትኩት በአንድ ዜሮ ነው። ከጣርማበር የመጣ ገበሬ ነበር፤ ከገደል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል። በኮሪደራችን ሴራሚክ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደልኝና «መራመድ፦ 0» ብዬ ጻፍኩ፤ ችግር የለበትም ማለት ነው። ሚስቱ ጥግ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ እንዲህ ያለ መሬት እኛ ዘንድ የት አለና?» አለችኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

ለአዲስ ባልደረቦች አይሲኤፍን (ICF፣ ሰው በዕለት ኑሮው ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚያግደው በኮድ የሚመዘገብበትን ምደባ) ሳሳይ ከዚህ እጀምራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ይህ ምደባ የሚመዘግበው በሽታውን ሳይሆን የሰውየውን ኑሮ ነው። ከ3 እስከ 15 የሚሰጠው የግላስጎው ነጥብ ንቃቱን ይነግራችኋል፤ ማታ በጎቹን ቆጥሮ ማስገባት ይችል እንደሆነ አይነግራችሁም።

ሙሉው ከ1,400 በላይ ምድብ ስላለው አትድከሙ። ለጭንቅላት ጉዳት ተመርጦ የወጣው ሰፊው ዝርዝር 139፣ አጭሩ 23 ምድብ ነው። ለተመላላሽ ታካሚ አጭሩ ይበቃል፤ የሰውየው ሥራ ከጠየቀ ግን ጨምሩበት።

የእያንዳንዱ ምድብ ኮድ በፊደል ይጀምራል፦ ቢ የአካልና የአእምሮ ተግባር፣ ኤስ የአካል ክፍል፣ ዲ ሥራና ተሳትፎ፣ ኢ አካባቢ ነው። ኤስ110 አንጎሉ ነው፤ ከሲቲ ስካኑ ውጤት ትሞሉታላችሁ። ቢ140 ትኩረት፣ ቢ144 ማስታወስ፣ ቢ152 ስሜት ላይ ቤተሰቡንም ጠይቁ። በሽተኛው «ደህና ነኝ» ይላል፤ ጉድለቱን አለማወቁ ራሱ ከጉዳቱ ሊሆን ይችላል። ከኮዱ በኋላ የችግሩ መጠን ይጻፋል፦ 0 ችግር የለም፣ 1 ቀላል፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ከባድ፣ 4 ጭራሽ አለመቻል ነው። መረጃ ካጣችሁ 8 ጻፉ እንጂ በግምት 0 አትጻፉ።

ዲ ላይ ከነጥቡ (.) በኋላ ሁለት ቁጥር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ውሎው ነው፣ በቀዬው የሚያደርገው፤ ሁለተኛው አቅሙ ነው፣ ያለ ረዳትና ያለ መሣሪያ ማድረግ የሚችለው። «ይችላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ትናንት ተነሥቶ ምን አደረገ?» በሉ። ሚስቱን አስቀምጬ እንዲህ ስጠይቃት ቁልቁለቱ ላይ ልጁን ተደግፎ እንደሚወርድ፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ ከደጅ እንደማይወጣ ነገረችኝ። 0 ብዬው የነበረው መራመድ (ዲ450) ዲ450.20 ሆነ፤ ውሎው 2፣ አቅሙ 0። ምክንያቱን በኢ ጻፍኩ፦ መልክዓ ምድሩ ኢ210.3፣ ጉሙ ኢ225.2። ኢ ላይ ነጥቡ እንቅፋትን ያሳያል፤ ለሚያግዘው በነጥቡ ፋንታ የመደመር ምልክት ይገባል።

በጎቹ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። 14 ናቸው፤ ሲቆጥር ሰባት ስምንት ላይ ይጠፋበታል። ትልቋ ልጁ 14 ጠጠር ኪሱ ከተተችለት። አንድ በግ በበረቱ በር ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር ወደ ሌላው ኪስ ይሻገራል። እንስሳትን መንከባከብ ዲ6506 ነውና ዲ6506.13 አልኩት፤ ከነጠጠሩ ቀላል ችግር፣ ያለሱ ከባድ። ጠጠሩ ኢ115+2፣ ልጅቷ ኢ310+3።

በሦስት ወሩ ሲመለስ ቢ144 ያው 2 ነበር። ጠጠሮቹን አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው፤ 15 ሆነዋል።

«አንዷ ወልዳለች» አለኝ።