ሃሹ ገጠመ ብላችሁ እንዳትሸወዱ

ከቴሌግራም ወይ ከሰው ፍላሽ የመጣ ሶፍትዌር ኦሪጅናሉ መሆኑን በሃሽ (ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ፣ እንደ አሻራ የሚያገለግል ኮድ) ማየት አሪፍ ልማድ ነው፣ ግን አያያዙን ካላወቃችሁበት ጉድ ይሰራችኋል።

መጀመሪያ፣ ጫፍና ጫፉን አይቶ "ያው ነው" ማለት ይቅር። ሻ-256 የሚባለው የሃሽ አይነት 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ በዓይን ማን ይጨርሰዋል? ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ከፍታችሁ በጌት-ፋይልሃሽ (Get-FileHash) ትዕዛዝ የፋይላችሁን ሃሽ አውጡና ኖትፓድ ላይ ለጥፋችሁ የሶፍትዌሩ ባለቤት ያወጣውን ሃሽ በኮንትሮል ኤፍ ፈልጉበት፣ አለቀ።

ብዙ ሰው የሚበላው ግን እዚህ ጋ ነው፦ ሃሹንም ፋይሉንም ከአንድ ገፅ መውሰድ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2016 ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዌብሳይት ተጠልፎ የ17.3 ሲናሞን ማውረጃ ሊንክ የኋላ በር (ጠላፊ በድብቅ የሚገባበት ቀዳዳ) ወዳለው አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ዞሮ ነበር፣ ጠላፊው እዛው ገፅ ላይ ያለውን ሃሽም ቀይሮታል፣ ስለዚህ ተጠንቅቆ ያስተያየ ሰው ራሱ "ገጠመ" ብሎ ነው የሚጭነው። የጂፒጂ ፊርማ (ፋይሉን ያወጣው ባለቤቱ መሆኑን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ) ካለ እሱን ቼክ አድርጉ፣ ፊርማው የሚረጋገጥበትን ቁልፍ ደግሞ ከሌላ ቦታ አምጡ።

ኤምዲ5 እና ሻ-1 በሚባሉት የቆዩ የሃሽ አይነቶች ላይ አትደገፉ። ኤምዲ5 በፈረንጆቹ 2004 ተሰብሯል፣ በፈረንጆቹ 2017 ደግሞ ጉግልና የአምስተርዳሙ የምርምር ተቋም ሲደብልዩአይ ይዘታቸው የተለያየ ሁለት ፒዲኤፍ አንድ አይነት ሻ-1 ሲያወጡ አሳይተዋል። ዳውንሎዱ ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት ከሆነ ችግር የለውም፣ ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ሰው ካለ ግን አይሰራም።

አንዴ እኔ ራሴ ሃርድ ዲስክ ሳፀዳ ስድስት ኢንስቶለር ሃሻቸው አንድ ሆኖ አገኘሁና ኮፒ ናቸው ብዬ አምስቱን ላጠፋ ስል ሳይዛቸውን አየሁ፣ ሁሉም 0 ባይት! ኔትወርክ ተቆርጦ የቀሩ ባዶ ፋይሎች ናቸው ለካ። በኢ3ቢ0ሲ442 የሚጀምር ሻ-256 ካያችሁ የባዶ ፋይል ሃሽ ነውና ሳይዙን እዩ።

ሌላው "የታወቀ" እና "ንፁህ"ን ማምታታት ነው። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ መንግስት ተቋም የሚያወጣው ኤንኤስአርኤል የሚባል የታወቁ ሶፍትዌሮች የሃሽ ዝርዝር አለ፣ ውስጡ የሃኪንግ ቱሎችም አሉበት፣ ስለዚህ ተገኘ ማለት ታውቋል ማለት ብቻ ነው። ካልተገኘም ቫይረስ ነው ብላችሁ አትሩጡ፣ ትናንት የወጣ ቨርዥን ይሆናል።

በፈረንጆቹ 2024 ኤክስዚ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ላይ የደረሰውን ደግሞ እዩት። ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ የኋላ በሩን ያስገባው ከፕሮጀክቱ ኃላፊዎች አንዱ ስለነበር ሃሹም ፊርማውም ልክ ነበር። የነቃበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ፕሮግራመር ነው፣ እሱም ሃሽ አስተያይቶ ሳይሆን በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከርቀት መግቢያ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ እየዘገየበት ስላስቸገረው።