አዲሱ ያየውን ሰርተፍኬት አሮጌው ሲክደው

እዚህ አዳማ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ሰርቨር ለምታስታምሙ ሁሉ። ሰርተፍኬቱ (የሰርቨሮችን ማንነት ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ፋይል) ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አዲሱ ፕሮግራም ያነበዋል፣ አሮጌው ግን «ሰጪውን አላውቀውም» ብሎ ድርቅ ይላል። ደግማችሁ አታውርዱት። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ ጣጣው ስሙ ላይ ነው።

ፕሮግራሞቹ ሰርተፍኬት ለመፈተሽ የሚጠቀሙበት ኦፕንኤስኤስኤል (OpenSSL) ፎልደር ውስጥ ሲፈልግ እናንተ የሰጣችሁትን ስም አያይም። ከሰርተፍኬቱ ባለቤት ስም የተሰላ፣ 8 ፊደልና ቁጥር ያለው ሀሽ (በስሌት የሚወጣ አጭር ኮድ) ነው የሚፈልገው፤ ጫፉ ላይ ነጥብ ዜሮ ይጨመርበታል። ይህ ሀሽ እስከ ኦፕንኤስኤስኤል 0.9.8 ድረስ ኤምዲ5 በሚባል ዘዴ ይሰላ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው 1.0.0 ጀምሮ ግን ሻ-1 በሚባል ሌላ ዘዴ ሆነ። ስለዚህ ለአንድ ሰርተፍኬት ሁለቱ የተለያየ ስም ይጠብቃሉ።

ዘዴው ሁለቱንም ስም መስጠት ነው። ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካላችሁ፣ «ሪሃሽ» (openssl rehash) የሚለውን ትእዛዝ «ኮምፓት» (-compat) ከሚለው አማራጭ ጋር ፎልደሩ ላይ አስኪዱት። የድሮውንም የአዲሱንም ሊንክ (ወደ ፋይሉ የሚያመለክት ሌላ ስም) ባንዴ ይሠራላችኋል። ለአንድ ፋይል ብቻ ከሆነ «ሰብጀክት ሀሽ ኦልድ» የሚለው አማራጭ (openssl x509 -subject_hash_old) የድሮውን ሀሽ ያወጣል፤ ሊንኩን በእጅ መሥራት ነው። (አንድሮይድም የሲስተም ሰርተፍኬቶቹን የሚሰይመው በዚሁ በድሮው ሀሽ ነው።)

ሰርተፍኬቶቻችሁ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ከታጨቁ ግን አትድከሙ፤ እዚያ ሀሹ አያስፈልግም። ጊዜው ያለፈበትን ሰርተፍኬትም ሊንክ አያድነውም።