ትርፌን የበላውን የማድረሻ ወጪ እንዴት እንደፈታሁት

ሽሮና በርበሬ አዘጋጃለሁ፤ ማቅለሚያ የለውም፣ ባዕድ ነገር የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት ነው የምሸጠው። ገዢ አልጠፋም፣ የቸገረኝ ማድረሱ ነው። ሁለት ኪሎ ሽሮ ከሰሚት ጀሞ ስልክ ትርፉ ለሞተረኛው ይሄዳል።

ሆለታ ላይ አትክልት ያለ ኬሚካል ለምታለማ ልጅና ለአንድ ንብ አናቢ ደወልኩ። ለካ ብዙ ደንበኞቻችን አንድ ናቸው! እስከ ሐሙስ ማታ ትዕዛዝ ተቀብለን ቅዳሜ በአንድ መኪና ማዞር ጀመርን።

መጀመሪያ ኪራዩን ለሦስት እኩል ተካፈልን። አልሠራም። ጎመንና ካሮቱ መኪናውን ሞልቶት፣ ማሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ እኩል መክፈል ቅር ያሰኛል፣ ቅሬታ ደግሞ ሳይነገር ሲቆይ ነው ሰው የሚያለያየው። አሁን እኩል መጠን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዝተናል፤ በሳጥን ቆጥረን እንከፍላለን፣ አለቀ።

ዋናው ግን መተማመኑ ነው። የእሷ ጎመን ላይ መድኃኒት ቢረጭ የእኔም ስም አብሮ ይጠፋል። የኦርጋኒክ ሰርተፊኬት ደግሞ ለእኛ አቅም ውድ ነው። ስለዚህ በሌሎች አገሮች ትንንሽ አምራቾች እርስ በርስ እየተጎበኙ አንዱ ለሌላው ዋስ የሚሆንበትን አሠራር ወሰድን፦ በየሁለት ወሩ የእሷን ማሳ፣ የእሱን ቀፎ፣ የእኔን በርበሬ ማስጫና ወፍጮ ዞረን እናያለን። ደንበኛም መምጣት ይችላል፤ እንዲያውም ሲመጡ ደስ ይለኛል። ማሸጊያው ላይ «ኦርጋኒክ» ብለን አንጽፍም፣ ምን እንደገባበትና ከየት እንደመጣ ብቻ እንጽፋለን።

ቀጥሎ ማሸጊያውን አብረን ልናዝ ነው።